በነፋስ የሚሄደውን የቤት መረብ ስለ መጠበቅ

በአዊ ዞን በጥርባ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተሰናዳ ንግግር



ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጣራውና ስለ በሩ ነው። ቤቱ ከቆመ በኋላ ደግሞ ዙሪያውን ያጥራል። የአዊ ደጋ በቀርቀሃ የታወቀ አገር ስለ ሆነ፣ ቀርቀሃ እንዴት ተፈልጦ እንደሚታጠር ለጥርባ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። አጥር ከብት እንዳይወጣ፣ አውሬ እንዳይገባ፣ የቤተ ሰብም ጕዳይ ለመንገደኛ ዓይን እንዳይጋለጥ ይከለክላል። ነገር ግን በዚህ ዘመን ወደ ብዙ ቤትና ወደ ብዙ ትምህርት ቤት የሚገባ፣ ግድግዳና አጥር የማያግደው አንድ ነገር መጥቷል፤ ይኸውም ዋይፋይ የሚባለው ሽቦ የሌለው የኢንተርኔት መረብ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ መረብ ስለ ምን መቈለፍ እንደሚገባውና ባለቤቱም በገዛ እጁ እንዴት ሊቈልፈው እንደሚችል ማስረዳት ነው።

መረቡ ምን እንደ ሆነ

ራውተር የሚባለው መሣሪያ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ትንሽ ሣጥን ነው። ኢንተርኔትን በስልክ ሽቦ፣ ወይም ፋይበር በሚባለው የመስተዋት ክር፣ ወይም እንደ እጅ ስልክ በሲም ካርድ ይቀበላል። የተቀበለውንም በራዲዮ ሞገድ አድርጎ በዙሪያው ላሉት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ያከፋፍላል። እንግዲህ ራውተር ማለት በቤት ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ማለት ነው፤ ይልካልም፣ ይቀበላልም።

የራዲዮ ሞገድ ጠባይ ደግሞ እንደ ብርሃን በየአቅጣጫው መሄድ ነው። ባለቤቱ ሣጥኑን በጓዳ ቢያስቀምጠውም ሞገዱ በጭቃው ግድግዳ በኩል አልፎ፣ በቀርቀሃው አጥር መካከል ሾልኮ፣ እስከ መንገዱና እስከ ጐረቤት ግቢ ይደርሳል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያደክመዋል እንጂ ፈጽሞ አያቆመውም። ስለዚህ በመንገድ ዳር የቆመ ሰው በሩን ሳይነካ፣ ውሻም ሳይጮኽበት፣ በዚያ ቤት መረብ ላይ እጁን ሊያሳርፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያግደው የእንጨት አጥር ሳይሆን የምሥጢር ቃል የሚሠራው አጥር ነው።

ነፋስ የተሸከመው ነገር ለሁሉ እንደሚሰማ

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አዲስ ትምህርት አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ ቃሉ የሚሄደው በሽቦ ነበር። ኋላ ግን ሽቦ የማያስፈልገው የራዲዮ መሣሪያ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ «የነፋስ ስልክ» አለው፤ በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው የነገሩን ጠባይ በሚገባ ተረድቶታል፤ ለነፋስ የተሰጠ ቃል አንድ ጌታ ብቻ የለውምና።

ይህም በ1928 ዓ.ም. በጦርነት ጊዜ በመራራ ሁኔታ ታየ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከሆነው ከማይጨው ጦርነት በፊት፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጠላት ምሽግ ለመግባት መቍረጣቸውን ለእቴጌ መነን በራዲዮ የላኩት መልእክት በጣልያን ጦር እጅ ተጠለፈ። ጠላትም የሚመጣበትን ነገር አስቀድሞ ዐውቆ ተሰናዳ። ለዚያ ቀን መከራ አይሮፕላኑ፣ የመርዝ ጋዙና የመሣሪያው ብዛት ዋና ምክንያቶች እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ቢሆንም በነፋስ የሚሄድ ቃል በጠንካራ ምሥጢር ካልታሰረ፣ ለወዳጅ የተላከው ለጠላትም እንደሚደርስ ይህ ታሪክ በግልጥ ያስተምራል።

የቤት መረብም በልኩ እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ያን ጊዜ የጦር ምሥጢር ነበረ፤ ዛሬ ግን የቤት ገንዘብ፣ የልጆች ወሬና የባለቤቱ መልካም ስም ነው።

ያልተቈለፈ መረብ የሚያመጣው ጕዳት

አንደኛው ጕዳት የገንዘብ ነው። ኢንተርኔት በመጠን የሚገዛ በሆነበት ቤት፣ የማይታወቅ ሰው በመረቡ ሲጠቀም የባለቤቱ ጥቅል ያልቃል። መጠን በሌለበትም ቢሆን መንገዱ ይጠብበትና የራሱ ሥራ ይዘገይበታል።

ሁለተኛው ጕዳት የስም ነው። በኢንተርኔት ለሚሠራ ነገር ሁሉ ከውጭ የሚታየው የባለ ራውተሩ መስመር ነው። የማይታወቅ ሰው በዚያ መስመር ገብቶ ሌላውን ቢሳደብ፣ ቢያታልል ወይም ቢሰርቅ፣ ጥያቄው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ባለቤቱ ደጅ ነው። በኋላ ንጹሕነቱ ቢገለጥም እስከዚያ ድረስ ብዙ ይደክማል።

ሦስተኛው ጕዳት ከሁሉ የከፋ ነው። ከእንጅባራ ከተማ አንዱ መንገድ ወደ ቻግኒ፣ አንዱ ወደ ዳንግላና ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። መንገዱን የማያውቅ እንግዳ ምልክቱን አምኖ ይሄዳል፤ ክፉ ሰው በሌሊት ምልክቱን ቢያዞረው ግን እንግዳው በደኅና እሄዳለሁ ሲል ይጠፋል። በራውተር ውስጥም እንዲህ ያለ የመንገድ ምልክት አለ። ሌባ ወደ ራውተሩ ማዘዣ ከገባ ምልክቱን ለውጦ፣ የባንክ ገጽ የፈለገውን ሰው የባንኩን መልክ ወደ ለበሰ የሐሰት ገጽ ሊወስደው ይችላል። በዚህ ዐይነት የተለወጡ ብዙ ራውተሮች በልዩ ልዩ አገር ተገኝተዋል።

አራተኛው ጕዳት የሌላው ሁሉ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ሚራይ የሚባል ክፉ ፕሮግራም በዓለም ላይ ተነሥቶ፣ ፋብሪካው የሰጣቸው የምሥጢር ቃል ያልተለወጠላቸውን ራውተሮችና ካሜራዎች እየፈለገ ያዘ። የያዘበት ብልኀት ረቂቅ አልነበረም፤ ስድሳ ያህል የታወቁ የፋብሪካ ቃላትን ተራ በተራ መሞከር ብቻ ነበር። የተያዙትንም መሣሪያዎች እንደ ጭፍራ አሰልፎ ታላላቅ የኢንተርኔት ድርጅቶችን አጠቃባቸው። በ2018 ደግሞ ቪፒኤንፊልተር የተባለው ሌላ ፕሮግራም ቢያንስ 500,000 ራውተሮችን በ54 አገሮች እንደ ያዘ ታወቀ። የነዚያ ሣጥኖች ባለቤቶች አብዛኞቹ ሣጥናቸው ለሌላ ጌታ እንዳደረ አያውቁም ነበር።

ምሳሌ

አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ለመምህራኑ የአንድ ወር የኢንተርኔት ጥቅል ገዙ ይባል። ጥቅሉ በዘጠነኛው ቀን አለቀ። መምህራኑ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ወላጆችም አጕረመረሙ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጥርጣሬው በሌሊት ዘበኛው ላይ ወደቀ፤ ከሣጥኑ ጋር ብቻውን የሚያድር እርሱ ነውና፤ በቅርቡም አዲስ ስልክ ገዝቶ ነበርና። ዘበኛው «አልነካሁም» ብሎ ቢምል የሚያምነው አጣ። ነገሩ ወደ ሽማግሎች ቀረበ። አንዳንዶቹ «ይማል» አሉ፤ አንዳንዶቹ «ካሣ ይክፈል» አሉ። ዘበኛውም ሥራውን ትቶ ከቀበሌው ሊወጣ ቈረጠ።

በዚህ ጊዜ ከመምህራኑ አንዱ የራውተሩን ማዘዣ ከፍቶ በዚያ ሰዓት ከመረቡ ጋር የተያያዙትን መሣሪያዎች ዝርዝር አሳየ። ትምህርት ቤቱ ያሉት አራት መሣሪያዎች ሲሆኑ በዝርዝሩ ላይ ዐሥራ አንድ ተገኙ፤ የዘበኛው ስልክ ግን ከነርሱ መካከል አልነበረም። ነገሩ ሲመረመር፣ በሣጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን ቃል አንድ ተማሪ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶት ኖሯል። ለጓደኛው ሰጠ፤ ጓደኛውም ለጓደኛው ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በየማታው በአጥሩ ዳር ተቀምጠው ፊልም ይመለከቱ ነበር። ልጆቹ ቃሉ ተለጥፎ ስላገኙት የተከለከለ ነገር አልመሰላቸውም። ዘበኛው ግን በዚህ መካከል ስሙን ሊያጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

የዚህ ምሳሌ ትርጕም ግልጥ ነው። ያልተቈለፈ መረብ ገንዘብ ብቻ አያጠፋም፤ ጐረቤትን ከጐረቤት ያጣላል፤ ንጹሕ ሰውንም ያስጠረጥራል። ባለቤቱ አስቀድሞ ቢቈልፍ ኖሮ ሽማግሎች ባልደከሙ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ባለቤቱ ሊያደርገው የሚገባው ሥራ

ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ የተማረ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ሊሠራ ይችላል። ባለቤቱ አስቀድሞ ስልኩን ወይም ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር ያያይዛል። ቀጥሎ የድረ ገጽ መክፈቻውን ከፍቶ በአድራሻው ስፍራ የራውተሩን ቍጥር ይጽፋል፤ ቍጥሩም ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ወይም 192.168.8.1 ነው። ትክክለኛው በሣጥኑ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ይገኛል። ገጹ ስምና የምሥጢር ቃል ይጠይቃል፤ ፋብሪካው የሰጠው በዚያው ወረቀት ተጽፏል። ከዚህ በኋላ የሚከተለውን ያደርጋል።

አንደኛ፤ የማዘዣውን የምሥጢር ቃል ይለውጣል። ራውተር ሁለት ቍልፍ እንዳለው ማስተዋል ያስፈልጋል። አንዱ ወደ መረቡ መግቢያ ነው፤ ይህ እንደ ቤት በር ቍልፍ ነው። ሁለተኛው ወደ ማዘዣው መግቢያ ነው፤ ይህ ርስቱ ውሉና ገንዘቡ ያለበት የሣጥን ቍልፍ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ለውጦ ሁለተኛውን «አድሚን» እንደሚል ይተወዋል። ይህም በሩን ቈልፎ የሣጥኑን ቍልፍ በሣጥኑ ላይ ሰክቶ እንደ መተው ያለ ነው። ሁለቱ ቃላት የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ የማዘዣውን ቃል ከባለቤቱና ከአንድ ታማኝ ሰው በቀር ማንም ሊያውቀው አይገባም።

ሁለተኛ፤ የመረቡን ስም ይለውጣል። ፋብሪካው የሰጠው ስም ብዙ ጊዜ የሣጥኑን ዐይነት ይናገራል፤ የሣጥኑን ዐይነት ያወቀ ሌባ ደግሞ ድካሙን ያውቃል። አዲሱም ስም የባለቤቱን ስም፣ የስልኩን ቍጥር ወይም የቤቱን ምልክት የሚገልጥ አይሁን። የወፍ ወይም የዛፍ ስም ይበቃል።

ሦስተኛ፤ የምሥጢሩን ዐይነት ይመርጣል። የራዲዮ ቃል በምሥጢር ሥርዓት ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ ሥርዓቱም እየተሻሻለ መጥቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 የወጣው ደብልዩ ኢ ፒ የሚባለው በ2001 ሊቃውንት ድካሙን ገልጠውበታል፤ ዛሬ በጥቂት ደቂቃ ይከፈታል። በ2004 የወጣው ደብልዩ ፒ ኤ 2 እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ በ2018 የወጣው ደብልዩ ፒ ኤ 3 ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ባለቤቱ 3ኛው ካለ 3ኛውን፣ ከሌለ ኤ ኢ ኤስ ከተባለው ምሥጢር ጋር 2ኛውን ይምረጥ። ደብልዩ ኢ ፒ የተባለውን ወይም «ክፍት» የተባለውን ፈጽሞ አይምረጥ። ሣጥኑ ከደብልዩ ኢ ፒ ሌላ የማያውቅ አሮጌ ከሆነ፣ ገንዘብ አውጥቶ መለወጥ ይሻላል።

አራተኛ፤ ለመረቡ ረጅም የምሥጢር ቃል ያወጣል። በዚህ ነገር ላይ መምህራን ጥቂት ቢቈዩ መልካም ነው፤ ለሒሳብ ትምህርትም ጥሩ ምሳሌ ይሆናልና። በቃሉ ላይ የሚሞክረው ሰው ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው። ሌባ የመረቡን ሰላምታ አንድ ጊዜ ከያዘ ወደ ቤቱ ወስዶ ማንም ሳያየው ይሞክራል፤ ለዚህ የተሰናዳ መሣሪያ በአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሊሞክር ይችላል። ስምንት አኃዝ ብቻ ያለው ቃል 100 ሚሊዮን ዐይነት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በ100 ሴኮንድ ያልቃል። ያለ ተራ የተሰበሰቡ ዐሥራ ሁለት የላቲን ፊደላት ግን 26 በራሱ ዐሥራ ሁለት ጊዜ እንደ ተባዛ ነው፤ ድምሩም 95,428,956,661,682,176 ነው። ይህን ሁሉ ያው መሣሪያ ለመጨረስ ከ3000 ዓመት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የቃል ኃይሉ በርዝመቱና በአለመገመቱ ነው። የልጅ ስም፣ የልደት ዓመት፣ የስልክ ቍጥር፣ የታቦት ስም በቀላሉ ይገመታሉ። ይልቁንም እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አምስት ቃላትን መደርደር ይሻላል። የአዊ ሰው አማርኛና አውንጅኛ ስለሚያውቅ ከሁለቱ ቋንቋ ቀላቅሎ በላቲን ፊደል ቢጽፍ ለራሱ የሚታወስ፣ ለሌላው የሚያስቸግር ቃል ያገኛል። ቃሉን በወረቀት ጽፎ በተቈለፈ ሣጥን ማኖር ነውር አይደለም፤ በራውተሩ ላይ መለጠፍ ግን ነውር ነው።

አምስተኛ፤ ደብልዩ ፒ ኤስ የሚባለውን ያጠፋል። ይህ ረጅሙን ቃል ሳይጽፉ በስምንት አኃዝ እንዲገቡ ለምቾት የተሠራ የጓሮ በር ነው። በ2011 ግን እንዲህ ተገለጠ፤ ሣጥኑ ስምንቱን አኃዝ በሁለት ከፍሎ ይመረምራል፤ የመጨረሻውም አኃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ነው። ስለዚህ ሌባ መሞከር የሚያስፈልገው 100 ሚሊዮን ጊዜ ሳይሆን ከ11,000 ጊዜ ያልበለጠ ነው። የፊቱ በር በብረት ተዘግቶ የጓሮው በር በገመድ ቢታሰር ምን ይጠቅማል?

ስድስተኛ፤ ከሩቅ ማዘዝን ይከለክላል። አንዳንድ ራውተር ከሌላ አገርም ሆነው እንዲያዙት ይፈቅዳል። ለቤትና ለትምህርት ቤት ይህ አያስፈልግምና መዘጋት አለበት።

ሰባተኛ፤ የሣጥኑን ውስጣዊ ፕሮግራም ያድሳል። ይህ ፈርምዌር ይባላል። በ2017 በደብልዩ ፒ ኤ 2 ላይ ክራክ የተባለ ድካም በተገኘ ጊዜ፣ ያሳደሱት መሣሪያዎች ዳኑ፤ ያላሳደሱት ግን ቀዳዳቸው ሳይደፈን ቀረ። ባለቤቱ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ በማዘዣው ገጽ አዲስ ነገር መኖሩን ቢመለከት ይበቃዋል። በሚያድስበት ጊዜ መብራት እንዳይጠፋበት ይጠንቀቅ፤ በመካከል ቢቋረጥ ሣጥኑ ሊበላሽ ይችላል።

ስምንተኛ፤ ሣጥኑን በተቈለፈ ክፍል ያኖራል። በራውተር ጀርባ በመርፌ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እርስዋን ለጥቂት ሴኮንድ የነካ ሰው ሥርዓቱን ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይመልሰዋል፤ የደከሙበትም ሁሉ ይፈርሳል። የመብራት መጥፋት ግን ይህን አያደርግም፤ መብራቱ ሲመለስ ሣጥኑ የታዘዘውን አይረሳም።

በዚህ ሥራ መጨረሻ ቃሉ ስለ ተለወጠ መሣሪያዎቹ ሁሉ ከመረቡ ይወጣሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ባለቤቱ የራሱን ሰዎች በአዲሱ ቃል አንድ በአንድ ያስገባቸዋል። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ዝርዝሩን ይመልከት። ጥር 23 ቀን የአዊ ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰበሰቡ አብሮ የኖረ ሰው የየሰፈሩን ፈረስ ያውቃል፤ እንግዳ ፈረስ በመካከሉ ቢገባ ይለየዋል። የቤቱን መሣሪያዎች ቍጥር የሚያውቅ ባለቤትም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ስልክ ስሙንና መለያ ቍጥሩን ሊለውጥ ስለሚችል፣ ሽማግሎች በዝርዝር ብቻ ሰውን አይፍረዱበት።

ቍልፍ መስለው ቍልፍ ያልሆኑ ነገሮች

አንዳንድ ሰው የመረቡን ስም ከደበቀ የተጠበቀ ይመስለዋል። ስሙ ግን መሣሪያ በተያያዘ ቍጥር በነፋስ ስለሚነገር፣ የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል። እንዲሁም የታወቁ መሣሪያዎችን መለያ ቍጥር መዝግቦ ሌላውን መከልከል ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ቍጥር በቀላሉ ይመሰላል። እነዚህ እንደ አጥር ላይ እሾህ ናቸው፤ ቢጨመሩ አይጎዱም፤ የበሩን ቍልፍ ግን አይተኩም።

ስለ እንግዳና ስለ ጐረቤት

ከሽማግሎች አንዱ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ «በአገራችን ለእንግዳ ውሃ መከልከል ነውር ነው። ጐረቤት እሳት ሲጠይቅ ፍም ይሰጠዋል። ታዲያ መረብን መቈለፍ ንፍገት አይደለምን?» ይህ መልካም ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው።

እንግዳ የሚቀበል ቤት በር የሌለው ቤት አይደለም። እንግዳው በፊት በር ይገባል፤ በመደቡ ይቀመጣል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ጓዳ ግን አይገባም፤ ባለቤቱንም ንፉግ ብሎ አያማውም። የዛሬ ራውተሮች አብዛኞቹ እንዲሁ ያለ የእንግዳ ክፍል አላቸው፤ ገስት ኔትወርክ ይባላል። ባለቤቱ ለርሱ የተለየ ስምና የተለየ ቃል ይሰጠዋል። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፤ የቤቱን ኮምፒዩተርና የራውተሩን ማዘዣ ግን አያገኝም። ባለቤቱ ሲፈልግ ይከፍተዋል፤ ሲፈልግ ይዘጋዋል፤ በአንዳንዱም ሣጥን እንግዳው የሚወስደውን መጠን ይወስናል። ትምህርት ቤትም ለተማሪዎች በተወሰነ ሰዓት በዚህ መንገድ ቢሰጥ፣ ልጆቹ በአጥር ዳር ተደብቀው ከመጠቀም በግልጥና በፈቃድ ወደ መጠቀም ይመጣሉ። እንግዲህ የሚያስነውረው መቈለፍ ሳይሆን፣ ሳይጠይቁ መውሰድና ሳይጠብቁ ማስወሰድ ነው።

ቍልፉ የማያደርገው ነገር

መረብን መቈለፍ ከሁሉ ክፉ ነገር ያድናል ብሎ ማስተማር ግን ሐሰት ይሆናል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ በእጅ ስልክ እንዲሄድ ካደረገ ወዲህ፣ አታላዮች በስልክ ደውለው «ሽልማት ደርሶሃል፤ የምሥጢር ቍጥርህን ንገረን» ማለት ልማዳቸው ሆኗል። ባለቤቱ በገዛ አፉ የተናገረውን ቍጥር ራውተር ሊጠብቅለት አይችልም። እንዲሁም የተበከለ ፕሮግራም በስልኩ የጫነ ሰው ሌባውን በገዛ ፈቃዱ ወደ ቤቱ አስገብቶታል። ስለዚህ የመረቡ ቍልፍ የአንድ በር ጥበቃ ነው፤ ሌሎቹ በሮች የሚጠበቁት በአስተዋይነት ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት በዚህ ስፍራ ይሠራል።

የመምህሩና የሽማግሌው ድርሻ

የአገር ሕግ ይህን ነገር አልረሳውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር ወይም መረብ መግባትን ወንጀል አድርጎ፣ እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ እንዲያስቀጣ ወስኗል። ልጆች የጐረቤትን ቃል ሰብሮ መግባት የጨዋታ ብልኀት እንዳይመስላቸው መምህር ይህን ሊነግራቸው ይገባል። በሌላው ማሳ ገብቶ እሸት መቅጠፍ ነውር መሆኑን የሚያውቅ ልጅ፣ በሌላው መረብ መግባትም እንደዚያው መሆኑን ከተነገረው ይረዳዋል።

መምህሩ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ጀምሮ ሥራውን በዓይን ያሳይ፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎችም አይተው በየቤታቸውና በየጐረቤታቸው ይሥሩ። ሆኖም ተማሪው የሌላውን ሰው ሣጥን በሚያስተካክልበት ጊዜ ባለቤቱ አጠገቡ ይቀመጥ፤ አዲሱንም ቃል ባለቤቱ ራሱ ይጻፈው። ሽማግሎች ደግሞ በዕድርና በማኅበር በሚሰበሰቡበት ጊዜ ነገሩን በአጭሩ ያሳስቡ፤ ስለ ጠፋ ጥቅል ወይም ስለ ተሰረቀ ገንዘብ ክርክር ሲመጣላቸውም፣ ሰውን ከመጠርጠራቸው በፊት «ቃሉ ተለውጦ ነበርን? ዝርዝሩስ ታይቶ ነበርን?» ብለው ይጠይቁ።

ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለቤቱ አይጠቅምም። ዛሬ ማታ በየቤቱ የሚሠራ የአንድ ሰዓት ሥራ የቤተ ሰብን ገንዘብ፣ የልጆችን ደኅንነትና የጐረቤትን ፍቅር ይጠብቃል። የአዊ ሰው ቀርቀሃውን አስተካክሎ ማጠር ከአባቶቹ ተምሯል፤ በዓይን የማይታየውንም አጥር እንዲሁ ከመምህራኑ ይማራል። እግዚአብሔር የየቤቱን ሰላም ይጠብቅ።